ይውረድልን

ቴፒ ያለችው ልጄ ዘንድ ስሄድ አማቼ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አይውልም። እዚያው ካምፓስ ያስተምራል፤ ካልጠየቀ የበላው የማይፈጭለት ዓይነት ሰው ነው። ባለፈው ሰሞን ምሳ በልተን እኔ በረንዳው ላይ ኮረሪማ ስፈለፍል፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እማማ፣ የወረዳና የቀበሌ ሹም ሕዝብ ቢመርጠው ነው የሚሻለው ወይስ የተማረ ባለሙያ ቢሾም?» አለኝ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ባለሙያ ይሾም ነው የምለው። ሐኪምን እጅ አውጥተን እንመርጣለን እንዴ?»

ልጄ ከውስጥ ሆና ሰምታዋለች። «እሱን እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ያ ሁሉ ትምህርት ይኸው አምፖል መቀየር አላስቻለውም» ብላ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ፤ ወደኔ ዞሮ ግን መልሱን ጠበቀ።

እኔ ያን ዕለት አልመለስኩለትም። ጉዳዩን ስለማላውቀው አይደለም። በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነና ኮረሪማው ገና ብዙ ስለነበረ ነው። አሁን ቤቴ ገብቼ፣ ዝናቡም ስላላስወጣኝ፣ እኛ ሰፈር የሆነውን ልጻፍለት ብዬ ተቀምጫለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ እንደ አነጋገሬ ቢዞር አይፈረድብኝ።

የተወለድኩት ማጂ ነው። አባቴ ከሰሜን የመጣ ሰው ነበር። አግብቼ ወደዚህ ወረድኩ፤ ባሌ ከሞተ በኋላ ደግሞ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም ይዤ ከገበያ ገበያ ስል ነው ያረጀሁት። ጌጫ ገበያ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ቴፒ ሙቀቱ ያዞራል፤ ሚዛን መሀል ላይ ሆና ለሁለቱም ታዝናለች። በዚህ ሁሉ መንገድ ብዙ ሹም አይቻለሁ። በዘሩ የተሾመ አይቻለሁ፣ በጭብጨባ የወጣ አይቻለሁ፣ በመኪና መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ» ያለም አይቻለሁ። እግሬ ግን ሁሉንም አልፎ ሄዷል። አንድ ቦታ ብቻ ቆም ብዬ እንዳይ ያደረገኝ የጎረቤቴ ነገር ነው።

ቀበሌያችን ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች ናት። ቤታችን ኮረብታው ላይ ነው። ውሃችን ከገደሉ ሥር ነው፤ ከትልቅ ዛፍ ሥር የምትወጣ ትንሽ ምንጭ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ በረዶ የምትቀዘቅዝ። ጎረቤቴ የቤንች ተወላጅ ናት። ያደገችውም ያገባችውም እዚሁ ነው፤ ከዚያች ምንጭ ሌላ ውሃ ጠጥታ አታውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባሏ አልጋ ላይ ከዋለ ቆይቷል። ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም። የሚታጠብ፣ የሚጠጣ፣ ልብሱ የሚታጠብለት ሰው ስለሆነ እሷ ከማንም በላይ ውሃ ትቀዳለች።

ከምንጩ በላይ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ የቡና ማጠቢያ ተሠራ። ሲሠራ ደስ ብሎን ነበር፤ እሸት ቡና ቅርብ ቦታ የሚረከበን አገኘን። ለቀማ ሲደርስ ግን የልጣጩ ውሃ ቦዩን ሞልቶ እየፈሰሰ መሬት ውስጥ ይሰርግና በኛ ምንጭ ይወጣል። ውሃው ቀለሙ ይለወጣል፤ ሽታው እንደ ከረመ ጠላ ይሆናል። ለቀማው እስኪያልቅ ያንን ነው የምንጠጣው። የጎረቤቴ ባል ሆዱን መያዝ የጀመረው በዚያ ነው። አልጋ ላይ ያለ ሰው ሆዱን ሲይዘው ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል። እሷ እንግዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ውሃ እንዲጠራላት።

በቀበሌው ሁለት ሹሞች ነበሩ። አንደኛው ሊቀመንበሩ ነው፤ እጅ አውጥተን የመረጥነው፣ የሰፈራችን ልጅ። ለቅሶ አይቀርም፤ ሠርግ አይቀርም፤ የታመመ ሰው ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ሁለተኛው ማናጀሩ ነው። ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ተወዳድሮ፣ በትምህርቱ ተመዝኖ ወረዳው የመደበው ወጣት። አገሩ ሩቅ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለው፣ አበልጅ የለው።

ሊቀመንበሩን ምንጩ ድረስ ብዙ ጊዜ ወስደነዋል። ይመጣል፤ እምቢ አይልም። በእፍኙ ቀድቶ ያሸተዋል፤ ፊቱን ያጨማድዳል፤ «እውነታችሁን ነው፣ ይሄ ውሃ አይጠጣም» ይላል። ከዚያ ከኛ ጋር ያዝናል። ማዘን ይችልበታል። ግን ልጁን ለማጠቢያው ባለቤት ልጅ ድሯል። የልጁን አማት በደብዳቤ ይክሰስ? ይህን ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ገፍተን አንጠይቀውም፤ ብንጠይቀው እናሳፍረዋለን።

ማናጀሩ ደግሞ ሌላ ነው። መታወቂያ ሊያሳድስ የሄደ ሰው በዚያው ቀን ይዞ ይመለሳል። «ነገ ተመለስ» የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ ባለመኪናም ቢሆን ከድሃ ኋላ ይቆማል። ለዚህ የሚወዱት አሉ፤ ለዚሁ የሚጠሉትም ነበሩ። ጠላቶቹ በጓሮ በር መግባት የለመዱ ናቸው። ማናጀሩ ግን ከቢሮው አይወጣም። የምንጩን ነገር ስንነግረው ቀና ብሎ ያዳምጣል፣ ይጽፋል፣ «ባለሙያ መጥቶ ያየዋል» ይላል። የሚመጣ ባለሙያ የለም። ጎረቤቴ እየደጋገመች ሄዳ ለመነችው።

እዚህ ላይ የጎረቤቴን አማርኛ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ አንተና አንቺ ለሷ አንድ ናቸው። ማናጀሩን፣

«አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ግን ቁጭ ብለሽ ውሃ አይታይም። ነይ እንሂድ» ትለዋለች።

እሱም አይቆጣም። «እሺ እማማ፣ እመጣለሁ» ይላታል። እኔን ደግሞ «የማጂው፣ ተነስ፣ ገበያ እንሂድ» ትለኛለች። ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ሌላ ሰው አንቺ ሲለኝ ይከብደኛል።

ለቀማ በተቃረበበት ጊዜ ከወረዳ ሰዎች መጥተው ሕዝብ ያወያያሉ ተባለ። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ቆርጣ ተነሳች። ወረዳው የሾመውን ወረዳው ይዘዘው ነው ሐሳቧ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃል ተምታቶባት እንዳይስቁባት ደግሞ የምትለውን አስቀድማ አሳጥራ አዘጋጀች። ወደ ስብሰባው ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ልጅ ፈተና ሲሄድ እንደሚያደርገው።

ስብሰባው ከቀበሌው ቢሮ ፊት ለፊት ነው። ከትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር አምጥተዋል። ሰብሳቢው ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። ስለ ሰላም አወራ፣ ስለ ልማት አወራ፣ «እኛ ታች ወርደን ሕዝባችንን ለማዳመጥ ነው የመጣነው» አለ። ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ወርደን የሚለውን ቃል ከራሱ አፍ ስትሰማ ደስ አላት፤ ያዘጋጀችው ቃል ትክክል እንደሆነ ምስክር አገኘች።

እድል ተሰጣትና ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ አንዲት ፊደል ሳትስት፣

«ማናጀሩ ይውረድልን!» አለች። «ለመንን፣ ታገስን። ከእንግዲህ ግን ይውረድልን!» ብላ ቁጭ።

ጭብጨባው ቦታውን አናወጠው።

እኔ ዙሪያዬን አየሁ። ግማሹ ያጨበጨበው የምንጩን ነገር ስለሚያውቅ ነው፤ ገደሉን ወርዶ ይይልን ማለቷ ገብቶታል። ከኋላ ያሉት፣ እነዚያ የጓሮ በር የተዘጋባቸው፣ ከሁሉ በላይ ያጨበጭባሉ፤ አንዱማ ቆሞ ነው። ሰብሳቢው ብዕሩን አንስቶ ሲጽፍ፣ ማናጀሩ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ መሬት ሲያይ ሳይ፣ ነገሩ ወዴት እንደሄደ ገባኝ። እጄን አወጣሁ።

«እማማ፣ የተነሳውን ሐሳብ ላለመድገም ያህል» አለኝ ሰብሳቢው።

«አልደግምም ልጄ። እሷ ያለችው እኮ—»

«ተይዟል፣ ተይዟል። የሕዝቡ ጥያቄ ግልጽ ነው። ወደ ሌላ እንለፍ።»

ወደ ሌላ ታለፈ። ጎረቤቴ ጭብጨባው አስክሯት ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። መንገድ ላይ ልነግራት ሞከርኩ፤ «ሰው ሁሉ ሰማ፣ አጨበጨበ፤ አንተ ደግሞ ሁሌ ትፈራለህ» አለችኝ። እንደ ወትሮዋ «ትውረድልን» ብላ ቢሆን ኖሮ ሰው ስቆ «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። ያለ ስህተት መናገሯ ነው ጉድ የሠራን።

ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ በደጇ ሲያልፍ፣ እንደ ልማዱ ባሏን ጠይቆ ሲወጣ፣

«እማማ፣ ደስ ይበልሽ። ጥያቄሽ ተመልሷል። ማናጀሩ ወርዷል» አላት።

እሷም «ወረደ?» ብላ እልል አለች። አጥር ለአጥር ስለሆንን ሰማኋት። ምን እንዳስደሰታት ሳልጠይቅ መጥረጊያዋን ይዛ ቁልቁል ስትሮጥ አየኋት።

ቆየች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ባሏ ይጣራል፤ መልስ የለም። ተነሳሁና ወረድኩ። ምንጩ ጋ ተቀምጣለች። የመንገዱን ቅጠል ሁሉ ጠርጋ፣ የሚያንሸራትተው ቦታ ላይ ድንጋይ ደርድራ፣ ከድንጋዩም በአንዱ ላይ የኮባ ቅጠል አንጥፋለች፤ ለማናጀሩ መቀመጫ።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ወርዷል አለኝ እኮ። ጠበቅሁት። በየት በኩል ወረደ?»

ከጎኗ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ወረደ ማለት ከሥራው ተነሳ ማለት እንደሆነ፣ ያጨበጨቡትም ግማሾቹ ለዚያ እንዳጨበጨቡ። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የኮባውን ቅጠል አንስታ ማጠፍ ጀመረች፤ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ትንሽ እስኪሆን።

«አንድ ቃል ነው እኮ» አለች። «እንዴት አንድ ቃል ሰውን መጥራትም ማባረርም ይሆናል? የናንተ ቋንቋ እብድ ነው።»

መጥረጊያዋን አንስቼላት አብረን ወጣን።

በማግሥቱ ሚዛን ሄድን። ወረዳው ቢሮ በር ላይ ብዙ ጠበቅን፤ መጨረሻ ላይ ያ ሰብሳቢ ራሱ ተቀበለን። በትህትና ወንበር ሰጠን። ጎረቤቴ ያለችውንና ለማለት የፈለገችውን ነገረችው። ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ ነገሩ ያስቃል።

«እናቴ፣ ይገባኛል። ግን ውሳኔ ተወስኗል። ደግሞ ሕዝቡም አጨብጭቧል።»

«ሕዝቡ ለምንጩ ነው ያጨበጨበ።»

«ያንን በምን አውቃለሁ?»

«መጥተሽ ብትጠይቂ ታውቂያለሽ» አለችው። ሰውየው አንቺ ሲባል ቀና አለ። እሷ ቀጠለች፤ «ስትሾሙት እኛን አልጠየቃችሁም። ጥሩ፣ እናንተ አዋቂ ናችሁ። ስታወርዱት ግን በኔ አፍ አወረዳችሁት። ለምን? በራሳችሁ አፍ አታወርዱም?»

እንዲህ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሰውየው ብዕሩን አንዴ ከፈተው፣ አንዴ ዘጋው።

«የተሾመን የሾመው አካል ነው የሚያነሳው» አለ። «አሠራር ነው።»

«እሺ፣ በሕዝብ ጥያቄ ከሆነ ሊቀመንበሩንም ብንል ታወርዱታላችሁ?» አልኩት እኔ። ሊቀመንበሩን ጠልቼው ሳይሆን ለማወቅ ነው።

«እሱንማ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ እማማ። ምርጫ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

ወጥተን ደረጃው ላይ ቆምን። አማቼ ይህን ቢሰማ ለወር የሚበቃው ጥያቄ ያገኝ ነበር። ያልመረጥነውን በጭብጨባ አስነስተናል፤ የመረጥነውን ማስነሳት አንችልም።

ስንወጣ ማናጀሩን አገኘነው። ሌላ ቦታ እስኪመደብ ግቢው ውስጥ፣ መጋዘን የሚመስል ክፍል በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ሲያየን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጎረቤቴ ቀጥ ብላ ሄደች።

«እማማ፣ ምን በደልኩሽ?» አላት ሳያያት።

«ውረድ አልኩ እንጂ ውረድ መቼ አልኩ!» አለችው።

ዞሮ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ በእጄ ቁልቁል እያሳየሁ «ወደ ገደሉ፣ ወደ ምንጩ» አልኩት። ቀስ እያለ ገባው። መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር የሳቀው፤ ከዚያ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ሳቀ። ዓይኑን ሲጠርግ ግን እንባው የሳቅ ብቻ አልመሰለኝም።

«ተሰብስበው አጨበጨቡብኝ እኮ» አለ።

«ለኔ ነው ያጨበጨቡ» አለች። «አንተ ትንሽ ደረሰህ።»

ያን ጊዜ አንተ ያለችው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ስላዘነችለት ተጠንቅቃ ይሆናል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በጎረቤቴ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ሹም አይደለም፣ የላከው የለም፣ በራሱ ፈቃድ መጥቷል። የላስቲክ ቦት ጫማ ተውሶ አድርጓል። ሊቀመንበሩም እንግዳ መጣ ሲባል ሰምቶ መጣ፤ እንግዳ ሳይቀበል የሚቀር ሰው አይደለም። አራታችንም ወረድን። ማናጀሩ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፤ ጎረቤቴ ክንዱን ያዘችው። ለቀማ ተጀምሮ ስለነበር ውሃው ቀለሙን ለውጦ ጠበቀን።

አሸተተው። ወደ ላይ ቀና ብሎ ቦዩን በዓይኑ ተከተለ። ከምንጩ አናት ድረስ ወጣ፤ ጭቃውን በእጁ ነክቶ ውሃው የሚሰርግበትን ቦታ አሳየን። ሲመለስ ለሊቀመንበሩ ነው የተናገረው።

«ማጠቢያው የቆሻሻውን ጉድጓድ ራሱ መቆፈር አለበት። ደንብ ነው። ከቀበሌ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ወረዳው ያስገድደዋል። ማኅተሙ አንተ ጋ አለ።»

ሊቀመንበሩ በጫማው ጫፍ ድንጋይ ገፋ።

«አንተ ነገ ትሄዳለህ» አለው። «እኔ የምቀበረው እዚህ ነው። የሚቀብሩኝም እነዚሁ አማቾቼ ናቸው።»

«ለዚህ እኮ ነው እኔ ብጽፈው ይሻል የነበረው። እኔ ዘመድ የለኝም፣ ቢጠሉኝ ምን ይቀርብኛል? ግን ሳላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እኮ!» ብላ ጮኸች ጎረቤቴ። «ለዚህ ነው ውረድ ያልኩህ!»

ሁለቱም ወንዶች ክፉዎች አልነበሩም። አንዱ ማድረግ ሲችል አላየም፤ ሲያይ ማድረግ አይችልም። ሌላው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያያል።

ማናጀሩ ሲመለስ ጎረቤቴ ጥምዝ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችው። በኋላ ወደ ማጂ አካባቢ ተመደበ ሲሉ ሰማሁ። ብርድ ልብስ ይዞ እንዲሄድ የሚነግረው ሰው ባገኘ ብዬ አሰብኩ።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አልጻፈም። በሳምንቱ ግን ዶማ ተሸክሞ በየቤቱ ሲያንኳኳ አየነው። «ከምንጩ በላይ ቦይ እንቆርጣለን፤ ውሃውን ወደ ጎን እንመልሰዋለን» አለ። በማጠቢያው መሬት ውስጥ ሳይሆን ከአጥሩ ወዲህ፣ ዘመዱ ቅር ሳይለው። እሱ ሲጠራ የማይወጣ የለም፤ በየለቅሷችን ቆሟልና። የሰፈሩ ሽማግሌ ሳይቀር ወጣ። ማናጀሩ ቢጠራን እንዲያ የምንወጣ አይመስለኝም፤ እሱ ያሳየውን ቦታ ባናውቅ ደግሞ የት እንደምንቆፍር አናውቅም ነበር። ዝናብ ጥሎ ስለነበር አፈሩ ለዘብ ብሎ ጠበቀን። ጎረቤቴ ቁፋሮው መሀል ለመሀል እየተመላለሰች የተቀቀለ ጎደሬ ታድላለች፤ ማንንም አንተ ማንንም አንቺ እያለች።

ውሃው ጠራ። ወዲያው አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ ሽታው፣ ከዚያ ቀለሙ። የጎረቤቴ ባል ሆዱ ሻል አለው። አንድ ጠዋት አጥር ላይ ብርጭቆ ይዛ መጥታ «ጠጣ» አለችኝ። ጠጣሁ። ቀዝቃዛ፣ ምንም የማይል ውሃ። ውሃ ምንም ሳይል ሲቀር እንዴት ያለ ነገር ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ለአማቼ መልሱ ቀላል ይሆን ነበር፤ የኛን ሰው እንምረጥ፣ ከላይ የመጣ ሰው አንድ ቀን መጥቶ መንገድ ያሳየን፣ እለው ነበር። ግን አላለቀም። ውሃ ወደ ጎን ቢመልሱት ወደ ላይ አይወጣም። ከኛ በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ ሌላ ሰፈር አለ። ከዚያ ሴቶች መጡ፤ ባዶ ጀሪካናቸውን እንደያዙ። ከመካከላቸው አንዷ ጀሪካኗን ደጃችን ላይ አስቀምጣ፣

«የናንተ ጠራ አሉ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች። «ጉዱ ግን ወደኛ ወረደ።»

ጎረቤቴ ወረደ የሚለውን ቃል ስትሰማ እኔን አየችኝ። ሴትየዋ ስለ እኛ ስብሰባ የምታውቀው ነገር የለም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው። ሊቀመንበሩ ጋ ሂዱ እንዳንላቸው በወረቀት እንጂ በልብ የነሱ ሊቀመንበር አይደለም፤ በኛ ሰፈር እጅ ብዛት ነው የተመረጠው፣ ለነሱ ለቅሶ አልቆመም። ቀበሌው ግን አንድ ቀበሌ ነው። ያኔ ነው ደግሞ የማናጀር ጥቅሙ የታየኝ፤ ማንም ስላልመረጠው ላይኛውና ታችኛው ሰፈር ለሱ እኩል ነው። መውጣት ከቻለ ነው ታዲያ።

በዚያው ሰሞን አዲስ ማናጀር ተሹማ መጥታ ነበር። ሴት ናት፤ ወጣት፣ ከሩቅ የመጣች፣ ወረዳው ነው የመረጣት። ጎረቤቴ ነጠላዋን ለበሰች። «ነይ» አለቻት ጀሪካን የያዘችውን ሴት። እኔም ተከተልኩ። የራሷ ውሃ ጠርቶላታል፤ ባሏ ተኝቷል፤ ብትቀር ማንም አይጠይቃትም ነበር።

ማናጀሯ ጠረጴዛዋ ጀርባ ተቀምጣለች። ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ ነበር። በደንብ ተቀበለችን። «እሺ እናቶቼ፣ ምን ላድርግ?» አለች።

ጎረቤቴ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ውረጂ ልትል ፈርታለች። ሌላ ቃል ፈለገች፤ ፊቷ ላይ ስትፈልግ ይታያል። «ተነ—» ብላ ጀመረች። ተነሺ ልትል ነው። ነጠላዋን ከኋላ ሳብኳት። ተነሳም ከሥልጣን ነው የሚሆነው፣ ሰው ሰምቶ ያጨበጭባል። ዞራ አየችኝ፤ ገባት።

ከዚያ ቃሉን ሁሉ ተወችው። ጠረጴዛውን ዞረች፣ የልጅቷን እጅ ያዘች፣ ሳብ አደረገቻት።

«ወዴት ነው እማማ?» አለች ማናጀሯ።

ጎረቤቴ በአገጯ ወደ ቁልቁለቱ አሳየቻት። ልጅቷ ጀሪካን የያዘችውን ሴት አየች፣ እኔን አየች፣ መስኮቱን አየች። እጇን አላስለቀቀችም። በእግሯ ጠረጴዛው ሥር ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።